እትዬ መቀስ ልብስ ስትቆጣ

እትዬ መቀስ ስሟን ያገኘችው ከሙያዋ ነው የሚሉ አሉ፤ ምላሷን የቀመሱ ግን አይስማሙም። ልብስ ሰፊ ናት። ሰፊ ሲባል አዲስ ልብስ ቆርጣ የምትሰፋ እንዳትመስላችሁ፤ የሷ ሥራ ማጥበብ፣ ማስፋት፣ ማሳጠር፣ የተቀደደውን መጣፍ፣ የወለቀውን ቁልፍ መትከል ነው። ሲያሻት "ልብስና ባለቤቱን አስታርቃለሁ" ትላለች።

ሱቋ የአንድ ባለ ብዙ ፎቅ ቤት ደረጃ ሥር፣ ከመንገዱ ዝቅ ብሎ የተሠራ ጠባብ ክፍል ነው። ረጅም ሰው ሲገባ አንገቱን ይደፋል። ደረጃውን የሚወጣና የሚወርድ ሰው ኮቴ ቀኑን ሙሉ ጭንቅላቷ ላይ ይሄዳል። መስኮቱ ከእግረኛው መንገድ እኩል ስለሆነ በሱ በኩል የሚታየው ሰው ሳይሆን የሰው እግር ነው፤ ጫማ፣ ቁርጭምጭሚት፣ የሱሪ ጠርዝ፣ የቀሚስ ጫፍ። ሠላሳ ዓመት እዚያ መስኮት ሥር ተቀምጣ ፊት ሳታይ ሰው መለየት ለምዳለች። "ያቺ የፋርማሲዋ ናት፤ ጠርዟን ያጠፍኩላት እኔ ነኝ። ያ ደግሞ ፖስተኛው፤ ግራ እግሩን ስለሚጎትት በግራ በኩል ጨርቁ ቶሎ ያልቅበታል።" አንድም ቀን ተሳስታ አታውቅም።

ደግሞስ ልብስ የሚያጠብብ ሰው የማያውቀው ምን አለ? ሜትር ወገብ ላይ ሲዞር የማይወጣ ምስጢር የለም። ያረገዘች ልጅ ለእናቷ ከመንገሯ በፊት ቀሚሷን ለእትዬ መቀስ ታመጣለች። የከሳው፣ የወፈረው፣ ባሏን ጥላ ልትሄድ ያሰበችው፣ ሁሉም እዚያ ክፍል ውስጥ እጁን ዘርግቶ እየተለካ ይናዘዛል። ትሰማለች፤ ለሰው ግን ትንፍሽ አትልም። የሰፈሩ ሐሜተኞች እንኳ፣ ከሷ አንዲት ቃል መንጠቅ ያቃታቸው፣ ይህን በቁጭት ይመሰክሩላታል።

ታዲያ ሆድ ቢሰፋም ሆድ ነው፤ የገባው ሁሉ አንድ ቦታ መውጣት አለበት። የእትዬ መቀስ የሚወጣው በልብሱ ላይ ነበር። ባለቤቱ በሩን ዘግቶ ሲሄድ ልብሱን ጠረጴዛው ላይ ትዘረጋለች፣ መነጽሯን ታጠልቃለች፣ ከዚያ ሲጨቀይ ውሎ የመጣ ልጅ እንዳገኘች እናት ትጀምረዋለች። "አንተ ደግሞ! ክርንህን ምን ላይ ስትፈገፍግ ከርመህ ነው? ሰው ይደገፍብሃል እንጂ አንተ ምን ያስደግፍሃል?" ይህን አመል ያመጣችው ከወጣትነቷ ነው። ያኔ አርባ የስፌት መኪና ባንድ አዳራሽ በሚያጓራበት ቤት ተቀጥራ ስትሠራ፣ ለሰው ብትናገር የሚሰማ አልነበረም፤ ለጨርቅ መናገር ለመደች፤ ለምዳም ቀረች። ባለቤቱን የማታውቀው ልብስ ሲመጣላት ደግሞ ከራሷ አፍልቃ ሕይወት ትፈጥርለታለች። አንድ ቀይ ካፖርት ሦስት ባል እንደመለሰ፣ አንድ ከረባት ከአለቃው ጋር ተኳርፎ እንደሚኖር፣ ስትተረትር ስትሰፋ በዝርዝር ትተርክለታለች።

ይህን ጉድ ለዓለም ያወጣችው የእህቷ ልጅ ናት። ሠላሳ ሊሞላት ጥቂት የቀራት፣ በዚያው ክፍል ጥግ ቆማ ልብስ የምትተኩስ፣ ከካውያዋ ይልቅ ስልኳ የሚግል ሴት። አንድ ቀን አክስቷ የአንድ ተማሪ ሹራብ ስትቆጣ ቀረጸቻት። "እጅጌ ማኘክ ቁርስ ሆኖ ነው? ትምህርት ቤቱ ምሳ ካላበላው ለኔ ንገረኝ እንጂ ባለቤትህ ራስህን ሲበላህ ዝም ትላለህ?" ለቀልድ ኢንተርኔት ላይ ለቀቀችው። በማግስቱ ስልኩ መንጫጫቱን አላቆመም።

ቪዲዮው ላይ ፊት አይታይም። የሚታየው ጠረጴዛው፣ ልብሱ፣ ሁለት የተሸበሸቡ እጆችና ምላጭ ብቻ ነው፤ ከላይ ድምፅዋ ይወርዳል። የእህት ልጅ ገጹን "ልብስ የምትቆጣዋ" ብላ ሰየመችው። ሰው እንዴት ይህን ይወዳል ብላችሁ አትጠይቁኝ፤ ወደደው። አንዲት ነርስ "ከሥራ ስወጣ የሚያስቀኝ እሷ ብቻ ናት" ብላ ጻፈች። አንድ ሽማግሌ "እናቴ ከሞተች ወዲህ የተቆጣኝ ሰው የለም፤ እባክዎ ኮቴን ይቆጡልኝ" ብሎ ፎቶውን ላከ። አንዱ ደግሞ አንድ ካልሲ፣ አንድ ብቻ፣ በፖስታ አሽጎ ላከ። እትዬ መቀስ ያንን ካልሲ "ወንድምህን የት ጥለኸው መጣህ?" ብላ ስድስት ደቂቃ ሙሉ መረመረችው። ከዚያ ቀን ጀምሮ የጠፉ ካልሲዎች ወንድሞች ከየአቅጣጫው ይጎርፉ ጀመር።

እሷ ሆዬ "ሥራ የፈታ ሁሉ!" እያለች ትነጫነጫለች፤ በማግስቱ ግን ክር እየሰካች፣ እንደዋዛ፣ "ያ ካልሲ ምን ተባለ?" ትላለች። ከእጇ በቀር የሚታይ ነገር እንደሌለ እያወቀች ሻሽ መቀየር አበዛች። የእህት ልጅም አይታ እንዳላየች ሆነች።

እትዬ መቀስ አንድ ነገር ብቻ ቃል አስገብታት ነበር። "ስም አይጠራም፤ ፊት አይታይም። ደንበኞቼን እንዳታስነኪብኝ።" ሁለቱም ይህ ከበቂ በላይ ነው ብለው አመኑ። እንግዲህ ፍረዱ! ሰውን በሱሪው ጠርዝ ከመንገድ ላይ የምትለቅም ሴት፣ ልብስም እንደ ፊት እንደሚታወቅ እንዴት ይጠፋታል? ግን ጠፋት። ያ ዓይን የኔ ብቻ ነው ብላ ነበር የምታስበው።

አሁን ወደ ሾፌሩ ልምጣ። የከተማ አውቶቡስ ይነዳል፤ የመስመሩ የመጨረሻ ፌርማታ ከእትዬ መቀስ መስኮት ፊት ለፊት ነው። ሃያ ዓመት ደንበኛዋ ነው። ሚስቱ ከሁለት ዓመት በፊት ሞታበታለች። ስትሞት አንድያ ልጁ ሩቅ ከተማ ዩኒቨርሲቲ ነበረች፤ የፈተናዋ ሳምንት ነበር። ልጅቷ እስክሪብቶዋን ጥላ ለቀብር መጣች፤ ስትመለስ ዓመቱ አመለጣት። አሁን የመጨረሻ ዓመቷ ላይ ናት።

አንድ ሰኞ ማለዳ፣ የእህት ልጅ ገና ሳትገባ፣ ሾፌሩ ቡናማ ሱሪውን በፌስታል ይዞ አንገቱን ደፍቶ ገባ። ያንኑ ሱሪ ለማስጠበብ በአምስት ወር ውስጥ ሦስተኛው ነው። ባለፉት ሁለት ጊዜያት "ስኳር ቀንሻለሁ፣ ዳቦ ትቻለሁ" ብሎ ስቆ ነበር። እትዬ መቀስ ሜትሩን ወገቡ ላይ አዞረችና ቁጥሩን አየች። ከዚያ ፊቱን አየች።

"ይሄ የዳቦ ነገር አይደለም፣ ወንድሜ" አለችው።

"አይደለም" አለ። "ሆዴ ውስጥ ነው። ሐኪሙ ዘግይተሃል አለኝ።"

"መቼ ነው ያለህ?"

"ሁለት ወር ሆነው።"

"ልጅህስ?"

"እትዬ፣ በሞቴ" አለ እጇን ከነሜትሩ ይዞ። "ሰባት ሳምንት ነው የቀራት። ዘንድሮ ፈተናውን ጥላ ከመጣች ሁለተኛ አትመለስም፤ አውቃታለሁ። ይሄ ሱሪ ከወገቤ ከወረደ ሾፌሮቹ ያያሉ፣ ሾፌሮቹ ካዩ ሰፈሩ ይሰማል፣ ሰፈሩ ከሰማ እሷ ዘንድ ለመድረስ አውቶቡስ አይጠብቅም። አጥብቢልኝና እስክትጨርስ ልቆይ። ከዚያ በራሴ አፍ እነግራታለሁ።"

"ከኔ አትሰማም" አለችው። ማንም አላስማላትም፤ እሷ ግን በሟች ባሏ አፅም ማለች።

ሾፌሩ ወጣ። የእህት ልጅ ገባች፤ እንደ ሁልጊዜው ስልኩን መቆሚያው ላይ ሰካች፣ መቅረጫውን ከፈተች፣ የተተኮሱ ሸሚዞች ታቅፋ ወደ አራተኛ ፎቅ ወጣች። እትዬ መቀስ ስልኩን አየችውም አላየችውም፤ በነዚያ ወራት እንደ ግድግዳ ምስማር ሆኖባት ነበር። ልቧ ሞልቶ ነበር፤ ሱሪውም ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቶ ነበር።

"መጣህ ደግሞ?" አለችው። "ሦስተኛህ! ባለፈው ሁለት ጣት፣ ዛሬ ሦስት ጣት። ሌላ ምን ልቁረጥልህ? የኋላ ኪሶችህን እያቸው እስቲ፤ ተጠጋግተው ሊሳሳሙ ነው። ሰው ቢያይህ ምን ይላል?" በምላጩ የወገቡን ስፌት መተርተር ጀመረች። ድምፅዋ ግን እንደ ወትሮው አልከረረም። "ልጅቷ ፈተናዋን ሳትጨርስ አይነገራትም ብሏል። ሰባት ሳምንት። አንተን ምን አገባህ፤ አንተ ሱሪ ነህ፤ ያንተ ሥራ ከወገብ አለመውረድ ነው። ሐኪሙ ዘግይተሃል አለው። ይበለው። አንተ ግን አትቸኩል። ሰማኸኝ? ጥብቅ አድርገህ ያዘው። በራሱ አፍ ይንገራት። ከዚያ በኋላ ብትፈልግ ተቀደድ፣ እኔ አልቆጣህም።" ኪሶቹን ገልብጣ አቧራውን አራገፈች። አንዱ ኪስ በሰማያዊና ነጭ ዳማ ጨርቅ የተተካ ነበር። ድሮ ኪሱ ሲበሳ፣ እናትየው የልጅቷን የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ቀሚስ ቁራጭ አምጥታላት ራሷ እትዬ መቀስ የተከለችው ነው። ለአፍታ በአውራ ጣቷ ዳሰሰችው፤ ከዚያ ወደ ውስጥ መለሰችው።

የእህት ልጅ ማታ ቪዲዮውን ስትከፍት እንባዋ መጣ። እውነት ነው ብላ ግን ለቅጽበት አላሰበችም፤ አክስቷ ለቀይ ካፖርት ሦስት ባል የፈጠረች ሴት ናት፤ ለሱሪ አንድ በሽተኛ ብትፈጥር ምን ይገርማል? "ዛሬስ ራሷን በለጠች" አለች። ቀስ ያለ ሙዚቃ ከሥሩ አስገብታ ለቀቀችው።

በሦስተኛው ቀን፣ ረፋድ ላይ፣ የአንድ ሸሚዝ ኮሌታ እየተኮሰች "አክስቴ፣ አታምኚም!" አለች። "ከካልሲው በአሥር እጥፍ በለጠ! ሰው ሁሉ እያለቀሰ ነው!"

"ምኑ ነው የሚያስለቅሰው?"

"የሱሪው ነዋ!" ስልኩን ወደሷ አዞረችው። እትዬ መቀስ የራሷን ድምፅ ሰማች። "ሰባት ሳምንት። አንተን ምን አገባህ፤ አንተ ሱሪ ነህ..."

እጇ ላይ የነበረው ልብስ ወደቀ። አልጮኸችም፤ ያ ነው የእህት ልጅን ያስፈራት። "ይሄ እውነት ነው" አለች በሹክሹክታ። "የሾፌሩ ነው። አጥፊው።"

የእህት ልጅ ወዲያው አጠፋችው። የሸሚዙ ኮሌታ ግን ከካውያው ሥር ጢስ ይወጣው ነበር፤ ማንም ዞር ብሎ አላየውም። ከዚያ ሌላ ገጽ ከፈተች፤ እዚያም አለ። ሌላ ከፈተች፤ እዚያ ሌላ ሙዚቃ ገብቶበታል። አንዱ የሱሪ ሥዕል ሠርቶ፣ ዓይንና እንባ ስሎበት፣ በእትዬ መቀስ ድምፅ ያናግረዋል። ለገጾቹ ባለቤቶች አንድ በአንድ "እባካችሁ አጥፉልን፣ የሰው ምስጢር ነው" ብላ ጻፈች። ብዙዎቹ ዝም አሉ። አንዱ የሚስቅ ፊት ላከላት።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይሉ ነበር አባቶች፤ አፋፉ የት እንደሚደርስ ግን እነሱም አላዩ። እትዬ መቀስ ወንበሯ ላይ ተቀምጣ ያንን ጠፍጣፋ ስልክ ታየው ጀመር። ልብስ ቢሆን ትተረትረው ነበር። የት እንደሚጀምር፣ የትኛው ክር ሲሳብ ሁሉም እንደሚፈታ ታውቅ ነበር። ይህ ግን ክር የለውም።

"አስተያየቶቹን አንብቢልኝ" አለች በመጨረሻ። "የሰፈር ሰው ካለ ልወቅ።"

የእህት ልጅ ባለፉት ሁለት ቀናት ደስ ብሏት ስልኳ ላይ ያስቀረቻቸውን ታነብላት ጀመር። "አባቴን አስታወሱኝ"፣ "ሱሪው ዕድለኛ ነው"፣ "ክፍል ሁለት መቼ ነው?" ድንገት ቆመች።

"ምን አለ?"

"ፎቶ የሌለው ሰው ነው። 'ኪሱ የኔ ቀሚስ ነው' ይላል።" የእህት ልጅ ፊቷ አመድ መሰለ። "ትናንት አይቼው ነበር፣ አክስቴ። እኔ ምን አውቄ... ደስ የሚል ነገር መስሎኝ፣ ቀይ ልብ ላኩላት።"

ከላይ ኮቴው አልተቋረጠም። ሰው ደረጃውን ይወጣል፣ ይወርዳል፤ ሥራ አለው።

ምን ብለው እንደሚጽፉላት ሲመካከሩ ዋሉ። እትዬ መቀስ ትጀምራለች፣ "ልጄ" ትላለች፣ ከዚያ ወዲያ ቃል ያጥራታል። ለልብስ ሲሆን እንደ ወራጅ ውሃ የሚፈስ አፍ! ሳይጽፉላት ከሰዓት በኋላ ከልጅቷ ራሷ መልእክት መጣ። የእህት ልጅ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ አነበበችው።

"እትዬ፣ እርስዎ እንደሆኑ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አውቅ ነበር። እጅዎንም ድምፅዎንም የት አጣዋለሁ? ሰፈር ሲናፍቀኝ እርስዎን እከፍትና እስቃለሁ። አባቴ እንዳይሰማ፣ እለምንዎታለሁ። ቪዲዮውን ያየሁ ዕለት ደወልኩለት፤ ልጠይቀው ነበር። ሲያነሳ 'ልጄ፣ ጥናት እንዴት ነው?' አለኝ፤ ድምፁ ውስጥ ደስታ ነበር። ደህና ነው አልኩት። በራሱ አፍ ሊነግረኝ ከፈለገ በራሱ አፍ ይንገረኝ፤ ሌላ ልሰጠው የምችለው ነገር የለኝም። ፈተናውንም ለሱ ስል እጨርሳለሁ። ሲነግረኝ እንዳልሰማሁ እሆናለሁ። መስታወት ፊት እየተለማመድኩ ነው።"

የእህት ልጅ አለቀሰች። እትዬ መቀስ አላለቀሰችም፤ ተናደደች። በስልኩ፣ በራሷ፣ በሾፌሩ ዝምታ፣ በልጅቷ ብርታት፣ በሁሉም ተናደደች። ይህች ልጅ መጽሐፍ ላይ አጎንብሳ፣ ቀን እየቆጠረች፣ ብቻዋን? "ይወቅ" አለች። "ሄጄ እነግረዋለሁ። መገላገል ይሻላል።"

በማግስቱ አውቶቡሱ ፌርማታው ላይ ሲቆም ገባችና ከሾፌሩ ጀርባ ያለው ወንበር ላይ ተቀመጠች። ሾፌሩ በመስታወቱ አይቷት ደነገጠ፤ እትዬ መቀስ አውቶቡስ ከተሳፈረች ዓመታት አልፈዋል። "ወዴት ነው እትዬ?" አላት። "ዞሬ እመለሳለሁ፣ ንዳ" አለችው። ከኋላው ሆና አንገቱን አየች። የሸሚዙ ኮሌታ ውስጥ ሌላ አንገት ይገባል።

ሦስተኛው ፌርማታ ላይ ሁለት ሴቶች ገብተው ከጎኗ ባለው ወንበር ተቀመጡ። አንዷ ስልኳን አወጣች። "ይቺን አይተሻታል? ሱሪ የምታናግረዋን?" አለችና ድምፁን ከፍ አደረገችው።

"...ሐኪሙ ዘግይተሃል አለው። ይበለው..."

እትዬ መቀስ ሳል ጀመረች። ሳሉ አልበቃ ሲላት ስለ መንገዱ መጥበብ፣ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ወንበሩ ስፖንጅ ማለቅ በጩኸት ማውራት ያዘች። ሴቶቹ ዞረው አፈጠጡባት። አንዷ "እማማ፣ አንሰማም እኮ!" አለቻት። የገዛ ድምፅዋን በገዛ ድምፅዋ ልትሸፍን ስትታገል ላብ አጠመቃት። ደግነቱ የአውቶቡሱ ሞተር ያረጀ ነው፤ ሾፌሩ ማርሽ ቀየረ፣ ያ ጩኸት ሁሉንም ዋጠው።

ተመልሰው መጨረሻው ፌርማታ ሲደርሱ ሰው ሁሉ ወረደ። ሾፌሩ ሞተሩን አጥፍቶ ወደሷ ዞረ። ከስቷል፤ ፊቱ ግን ፈክቷል።

"ልጄ ሰሞኑን በየቀኑ ትደውላለች፣ እትዬ" አላት። "ድሮ በሳምንት አንዴ ነበር። ምን በላህ፣ ተኛህ ወይ፣ ትለኛለች። ትስቃለች። ምንም አልሸተታትም። እንዲህ ደስ ብሏት ሰምቻት አላውቅም፤ ይሄ ነው የያዘኝ እንጂ መድኃኒቱማ..." እጁን አወናጨፈ። "አንቺ ባትኖሪ ይሄኔ ሁሉ ነገር ተበላሽቶ ነበር።"

እትዬ መቀስ አፏን ከፈተች። ብትነግረው፣ ያ በየቀኑ የሚሰማው ሳቅ የልምምድ ሳቅ መሆኑን ነው የምትነግረው። ባትነግረው፣ የልጅቷን ሸክም እያየች ነው ዝም የምትለው። በግራ ብትቆርጥ በቀኝ ይቀደዳል።

"ምን ልትይኝ ነበር የመጣሽው?"

"ሱሪው እንዴት ሆነልህ ልልህ ነው።"

"ልክክ ብሏል!" አለ ቀበቶውን እየነካ።

ወረደች። እግሯ ከብዷት ነበር።

ከዚያ ቀን በኋላ እትዬ መቀስ ልብስ መቆጣት ተወች። ተወች ከምል ጠፋባት ብል ይሻላል። ልብሱን ትዘረጋለች፣ መነጽሯን ታጠልቃለች፣ ምላሷ ይታሰራል። የእህት ልጅ ገጹን ዘጋችው፤ ሰው ግን "የት ሄደች?" እያለ መጠየቁን አልተወም። ያ ሽማግሌ በየሳምንቱ የኮቱን ፎቶ ይልካል። አንዲት ደንበኛ ኮቷን አምጥታ "እንደዚያች ኢንተርኔት ላይ እንዳለችው ሴትዮ ተቆጪልኝ እስቲ፤ ድምፅሽ ቁርጥ እሷን ነው!" ብላ ስትስቅ፣ እትዬ መቀስ "እኔ እንዲህ ያለ ነገር አላውቅም" ብላ ቁልፉን ተከለችላት። የሱሪው ቪዲዮ ደግሞ ማንም ሳይነዳው ይዞራል። በሁለተኛው ሳምንት ከደረጃው ላይ ሰማችው፤ በአራተኛው ከመንገዱ፤ በአምስተኛው ከፖስተኛው ኪስ። በሰማችው ቁጥር መርፌውን አቁማ እስኪያልፍ ትጠብቃለች። ሌላ የምታደርገው ነገር አልነበራትም።

ሰባቱ ሳምንት አለፈ። ልጅቷ ፈተናዋን ጨረሰች፤ ቅዳሜ ልትመጣ ሆነ። ዓርብ ከሰዓት በኋላ ሾፌሩ ኮቱን ይዞ መጣ። ወደ ውስጥ ሲገባ አንገቱን መድፋት አላስፈለገውም፤ ጎብጧል።

"መናኸሪያ ሄጄ ስቀበላት ሰው ልምሰል" አለ። የእህት ልጅ ካውያዋን አስቀምጣ ወጣች፤ መቆም አልቻለችም። እትዬ መቀስ እስፒሎቹን በከንፈሯ ይዛ ከጀርባው ኮቱን ትሰበስብ ጀመር። ብዙ ጨርቅ ተረፈ።

"ነገ እነግራታለሁ" አለ ሾፌሩ ወደ መስኮቱ እያየ። "ግን እንዴት እንደሚጀመር ጠፋኝ። ቤት ውስጥ ብቻዬን ሞክሬ ነበር፤ ቃሉ አልወጣ አለኝ። አንቺ የመናገር ችግር የለብሽም። እስቲ አንቺ ልጄ ሁኚና ልሞክረው።"

እትዬ መቀስ እስፒሎቹን ከአፏ አወጣች፤ ግን መልሳ ያዘቻቸው። አፏ ባዶ መሆኑን ፈራች። ከፊቱ መጥታ ቆመች።

"ልጄ" አለ። ጉሮሮውን ጠረገ። "ልጄ፣ መጀመሪያ እንኳን ደስ ያለሽ። ሁለተኛ... አንድ ነገር ደብቄሽ ነበር። ተቀይመሽ እንዳትርቂኝ። ፈተናሽን ብዬ ነው። እኔ... ሐኪም ቤት ሄጄ ነበር..." እጆቹ የኮቱን ጠርዝ ጨበጡ። "እዚህ ላይ ነው የሚያቅተኝ። አየሽ፣ ምንም ሳታውቅ እየሳቀች ነው የምትወርደው። ከዚያ ሁሉ መንገድ ምንም ሳታውቅ መጥታ እኔ ነኝ እንዲህ የማደርጋት። ይሄ ነው የሚገድለኝ።"

መልስ እንደሚጠብቅ ሰው ፊቷን ያያል። በሩቁ ከተማ ሌላዋ መስታወት ፊት ቆማ መደንገጥን እየተለማመደች እንደሆነ እትዬ መቀስ ታውቃለች፤ ከሁለቱ መሐል ቆማ የምታውቀው እሷ ብቻ ናት፤ ለማን ትናገረው?

"ጥሩ ነው" አለችው፣ እስፒሎቹ በከንፈሯ እንዳሉ። "ግን ቀስ ብለህ ንገራት።"

"ፈጠንኩ እንዴ?"

"ትንሽ።"

ሾፌሩ ራሱን ነቀነቀ። ኮቱን አስተካክሎ ቆመና ከመጀመሪያው ጀመረ።